የታሸገው ጀሪካን

ያቺን ጀልባ የጠላኋት ገና ውሃ ሳትነካ ነው። በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በጭነት መኪና ተጭና አምቦ፣ ጋራዣችን በር ላይ ስትቆም አየኋት። ቀይ ናት፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ወንበሮቿ በነጭ ቆዳ የተለበጡ። ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጓሮ የተገኘች ናት። ባለቤቷ ላንጋኖ እየወሰደ ይፈነጥዝባት ነበር አሉ። እሱ አገር ጥሎ ሄደ፣ እሷ ስድስት ዓመት መጋዘን ውስጥ አቧራ ስትጠጣ ቆየች፣ ከዚያ አንድ አለቃ ከእንቅልፉ ነቅቶ “ሠራተኛው ይዝናናባት” አለና ወደ ወንጪ ሐይቅ ተመደበች።

ወንጪ ላይ የተዝናና ሠራተኛ አላየሁም። ያየሁት ስልሳ ገበሬ ነው። መኪና የሚደርሰው እስከ ገደሉ አፍ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለውን ቁልቁለት በትከሻቸው ተሸክመው ያወረዷት እነሱ ናቸው። ያውም ገብሳቸው ማሳ ላይ እየረገፈ። የሁለት ሰው ትከሻ ተልጦ ደም እየወረደ፣ አንዱ ሹም ከኋላ ሆኖ “ቀለሟን እንዳትጭሯት!” ይላል።

ፈዲሉ እባላለሁ። የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። አባቴ ዓብዱልመጂድ አምቦ ገበያ ዳር ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። እንግሊዝኛ ስለማነብ ከጀልባዋ ጋር የመጣውን መመሪያ እኔ ላይ ጣሉት፤ ከመመሪያው ጋር ጀልባዋንም፣ ከጀልባዋ ጋር መከራዋንም።

አለቃችን ጓድ ገብረአማኑኤል ነበር። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ ሰው ነው። ስለማያውቀው ነገር ሲናገር ድምፁ ከፍ ይላል፤ እኛም አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ከፍ ብሎ ነበር የምንሰማው። ጀልባዋ ውሃ የነካች ቀን ገበሬውን ሁሉ ሰብስቦ ንግግር አደረገ።

“ይህች ጄት ጀልባ ትባላለች! ከሥሯ የሚሽከረከር ምላጭ የላትም። ውሃውን በሆዷ ስባ በኋላዋ ትተፋዋለች፤ የምትሄደው በዚያ ነው። ስለዚህ ዋናተኛ አትቆርጥም፣ ማንንም አትጎዳም!”

አጨብጭቡ ተባለ፣ ተጨበጨበ። ያላጨበጨቡት ኦቦ ተሬፋ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእንጨት ታንኳቸው ሰውን ወደ ደሴቷ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ማዶው ፍል ውሃ ሲያሻግሩ የኖሩ ናቸው። እጃቸውን አወጡና ጠየቁ።

“ማቆሚያዋስ?”

“ኦቦ ተሬፋ፣ ይቺ በቅሎ አይደለችም” አለ ገብረአማኑኤል፤ ሹማምንቱ ሳቁ።

መልሱን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት መመሪያው ላይ ነው። ማቆሚያ የላትም። ከዚያ የባሰው ደግሞ መሪዋ የሚሠራው ያ የምትተፋው ውሃ ሲኖር ብቻ ነው። መሪውን ስታዞር የሚዞረው የውሃው መውጫ ነው፤ ነዳጅ ከቀነስክ ውሃው የለም፣ ውሃው ከሌለ መሪውን እንደ ወፍጮ ብታሽከረክረው እሷ በፊተኛው መንገዷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የመኪና ማጠቢያችን የውሃ ጎማ እንደዚያው ነው፤ ቧንቧው ከተዘጋ ወዴትም ብታዞረው ማንንም አያርስም። መኪና ስትነዳ ከደነገጥክ እግርህን ከነዳጁ ላይ ታነሳለህ። እዚች ላይ ግን ስትደነግጥ ነዳጅ መስጠት አለብህ፣ ያኔ ነው የምትታጠፍልህ። እኔ ይህን በሰፊው ውሃ ላይ ሃያ ጊዜ ሞክሬ ነው ያመንኩት።

ጠቡ የጀመረው ግን በመሪ አይደለም፤ በቤንዚን ነው። ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነው፣ ለሕክምና መኪና እንኳ ተለምኖ ነው የሚገኘው። ገብረአማኑኤል እጅ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወረቀት አለ፤ “በሃያ ሊትር አራት ደርሶ መልስ” ይላል። የእኔዋ ጀልባ በሃያ ሊትር ሁለት እንኳ በቅጡ አትጨርስም። አስጠራኝ፣ ቢሮው ሰው ሞልቶበታል።

“የቀረው የት ገባ?”

“ጓድ፣ ወንጪ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶሩ የተስተካከለው ለቆላ ስለሆነ ቤንዚኑ በደንብ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። በዚያ ላይ ለአራት ሰው የተሠራችውን ስምንት ሆናችሁ ትሳፈሩባታላችሁ። ቀለል ስትል ከውሃው ላይ ብድግ ብላ ትንሸራተታለች፤ ስትከብድ ግን በሆዷ እያረሰች ነው የምትሄደው። የካርቡራቶሩን ቀዳዳ የሚያጠብ ትንሽ ብሎን ይምጣልኝና ሰው ይቀነስ፣ በግማሽ ይወርዳል።”

“አየር ሰረቀው ነው የምትለኝ?”

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሞኝ ሆኜ አብሬ ፈገግ አልኩ። ያቺ ‘ሰረቀ’ የምትል ቃል ግን ከእኔ ቀድማ አምቦ ገበያ ደረሰች።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሲሸጥ ከሱ የተገዛ ጨው ሌላ ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጎጆ ከሚባለው የደጋ ከተማ ድንችና ገብስ ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚገዙት። በዚያ ሳምንት ግን አንዷ ከሱ ገዝታ ጎረቤት ሱቅ ገብታ አስመዘነች። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። “ልጁ የመንግሥት ቤንዚን ያወጣል፣ አባትየው ላምባ ውስጥ ይደባልቃል” ተባለ። አባቴ ማታ እራት ላይ “ቤንዚኑን ነክተሃል?” ብሎ አንዴ ጠየቀኝ፣ “አልነካሁም” አልኩት፣ እንጀራውን ቆረሰ። ድሃ ይበሉን፣ መጤ ይበሉን፣ ለምደነዋል። ሌባ መባልን ግን የአባቴ ቤት አይችለውም።

ገብረአማኑኤል በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት መመሪያ አወጣ። “ነዳጅ ለመቆጠብ ጀልባዋ መሳፈሪያው አካባቢ ስትደርስ ሞተር ይጥፋ፤ የቀረውን ርቀት በራሷ ፍጥነት ትጨርስ።” ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

“ጓድ፣ ሞተር ሲጠፋ መሪ አይኖራትም። ሰው ላይ ትወጣለች።”

“መኪና ሞተሩ ቢጠፋ መሪው አይዞርም?”

“መኪና አይደለችማ!”

“አንተ የተናደድከው ለምን እንደሆነ እናውቃለን” አለ፣ በወረቀት ላይ እየጻፈ። “የኢኮኖሚ አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ አይደል? ጉደታ መጥቶ ያሳየናል።”

ጉደታን የማያውቅ የጌዶ መንገድ ሰው የለም። የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጌዶ ወደ ጉደር ያለውን ቁልቁለት ሁሉ ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ እያፏጨ ነው የሚወርደው። በዚህ በቆጠበው ነዳጅ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ ተሰክቶለታል። ሁለት ጊዜ ፍሬን እምቢ ብሎት የሰው አጥር ውስጥ መግባቱን ግን ማንም አልጻፈለትም። ጭኔ ላይ ጊንጥ ቢወጣ ከሱ ይልቅ ጊንጡን እመርጥ ነበር።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሃያ ሊትር ቤንዚን በጀሪካን ተሞልቶ፣ ክዳኑ ላይ ሰም ፈሶ ማኅተም ተመታበት፤ ከጀሪካኑ ወደ ሞተሩ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ወጣች። እኔ እንዳልነካ አንድ ዘበኛ ቆመብኝ። ከጉደታ በቀር ማንም እንዳይሳፈርም ታዘዘ። ይኼኔ ነው የገባኝ፤ እኔን ስምንት ሰው አስጭናችሁ በባዶዋ ልትፈትኑኝ ነው!

ዘበኛውን ገፍቼ ጉደታን ጠጋ አልኩት።

“ጉደታ፣ ስማኝ። ወደ ዳር ስትመጣ ሞተር እንዳታጠፋ። ካጠፋህ መሪው ይሞታል።”

“ሂድ ወዲያ! ሃያ ዓመት ቁልቁለት ወርጃለሁ፣ አንተ መሪ ልታስተምረኝ?”

“ውሃ ቁልቁለት አይደለም።”

“ቅናት ነው የሚያናግርህ፣ ፈዲሉ” አለና ሜዳሊያውን ጠረግ አደረገ። ሜዳሊያውን ሰክቶ ነው ጀልባ ሊነዳ የመጣው።

ሲሄድ ያማረ ነበር፣ አልዋሽም። ባዶ ጀልባ እንደ ጥጥ ተነሳች። ማዶው ፍል ውሃ ደርሶ ዞረና ቀጥታ ወደ መሳፈሪያው መጣ። ኦቦ ተሬፋ ጀርባቸውን ሰጥተው ታንኳቸውን ከመሳፈሪያው እንጨት ጋር እያሰሩ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ዝም አለ። ጉደታ በጌዶ ቁልቁለት እንደለመደው ከንፈሩን ለፉጨት ሲያሞጠሙጥ ከዳር ሆኜ አየሁት። መሪውን ወደ ግራ አዞረው፤ ጀልባዋ አልሰማችውም። እንደገና አዞረው። ከዚያ ሁለት እጁን ለቆ ፊቱን ሸፈነ።

“ኦቦ ተሬፋ!” ብዬ ጮህኩ። ዞር ሲሉ ቀዩ አፍንጫ ከታንኳው ጋር አጣብቋቸው ነበር። የእንጨቱንና የእግራቸውን ድምፅ ለየብቻ ሰማሁት።

ከዚያ ገብረአማኑኤል ያደረገውን እስክሞት አልረሳውም። ሽማግሌው ውሃ ዳር ተኝተው “ዋቃዮ! ዋቃዮ!” ይላሉ፣ እሱ በላያቸው ተራምዶ ጀልባዋ ውስጥ ገባና ጀሪካኑን አነሳ፣ ወዘወዘው፣ ቤንዚኑ የደረሰበትን ከውጭ በእንጨት ለካው። “አሥራ አምስት ሊትር ተርፏል!” አለ። በደስታ ነበር ያለው።

ወደ አምቦ ሆስፒታል እንውሰዳቸው ስንል ከላይ የቆመችው መኪና ነዳጅ የላትም ተባለ።

“ጀሪካኑ አለ አይደል?” አልኩ።

“እሱ ማስረጃ ነው። ታሽጓል፣ አይነካም።”

ገበሬዎቹ በቃሬዛ አድርገው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው፤ ወጌሻ ተጠርቶ እግራቸውን በቀርከሃ አሰረው።

በአራተኛው ቀን እዚያው ሐይቁ ዳር ሂስና ግለ ሂስ ተጠራ። የጀልባዋን ስንጥቅ እንድደፍን አድርገውኛል፤ ከውሃው በላይ ስለነበር በሬንጅ ለጠፍኩት። ኦቦ ተሬፋ በቃሬዛ ተሸክመዋቸው መጥተዋል። ገብረአማኑኤል ቆሞ ነገሩን አጠቃለለው። አንደኛ፣ በአምስት ሊትር ደርሶ መልስ እንደሚቻል ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ፈዲሉ ሌላውን ሲሰርቅ ኖሯል። ሁለተኛ፣ አደጋው የደረሰው መሪው ስለተበላሸ ነው፤ መሪው ደግሞ የመካኒኩ ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ጉደታ ዞረ።

“ጓድ ጉደታ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ነበር?”

ጉደታ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ቃሬዛውም አላየም።

“አላጠፋሁም። መሪው ነው እምቢ ያለኝ።”

“ሞተሩ ዝም ብሎ ነበር” አሉ ኦቦ ተሬፋ ከቃሬዛው ላይ። “ቢጮህማ ሰምቼ ዞር እል ነበር። ዱጋ፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ዝም ብሎ ነው የመጣብኝ።”

“ጆሮዎ አርጅቷል፣ ኦቦ።”

መቶ ሰው ቆሞ ነበር፤ መቶውም ዝምታውን ሰምቷል። አንድም አፉን አልከፈተም። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው።

“ጓድ ገብረአማኑኤል” አልኩ። “መሪው ተበላሽቷል ካሉ እርስዎ ይሞክሩት። እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ማንንም አትጎዳም ብለው ለዚህ ሁሉ ሰው ነግረው የለ? ወይስ ፈሩ?”

ገበሬው ሁሉ ቀና አለ። ኦቦ ተሬፋ “ይሞክሯታ!” አሉ፤ ከኋላም አንድ ሁለት ሰው ደገመው። ገብረአማኑኤል እምቢ ማለት ፈልጎ ነበር፣ ከንፈሩ ላይ አይቼዋለሁ። ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ “እንሂድ!” አለ።

ማስረጃ የተባለው ጀሪካን ከነቱቦው እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ነበር። መሪውን እሱ ያዘ። እኔ በቀኝ በኩል ያለውን የነዳጅ እጀታ ያዝኩ። ከመሳፈሪያው ራቅ ስንል አፍንጫዋን ከውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ወደቆመው ጥቁር ገደል አስይዤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ጀልባዋ ብድግ አለች። ገደሉ ሲቀርብ እጀታውን ሳብኩና ሞተሩን አጠፋሁት።

“ይኸው፣ በመመሪያዎ መሠረት ነዳጅ ተቆጠበ። አሁን ያዙሩት።”

አዞረው። ምንም የለም። በሌላው በኩል አዞረው። ገደሉ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት እንኳ መታየት ጀመረ።

“ፍሬን!” አለ። “ፍሬኑ የት ነው?”

“ኦቦ ተሬፋ ጠይቀውዎት ነበር።”

“አንተ! ፈዲሉ! አድነኝ!”

እጄ ቁልፉ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አላዞርኩትም። የአባቴ ጨው በሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ ታየኝ። በቀርከሃ የታሰረው እግር ታየኝ። ተወው፣ ይሂድ፣ አብረን እንሂድ አልኩ በልቤ። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ፣ እጀታውን ገፋሁ፣ መሪውን ከነእጁ ጠመዘዝኩት። ሞተሩ አገሳ፣ ጀልባዋ ታጠፈች፣ የተፋችው ውሃ ገደሉን መታው።

መሐል ሐይቁ ላይ አቆምኳት። ሱሪው ረጥቧል፤ ከሐይቁ ነው ብዬ ልለፈው። ሲናገር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር።

“ቤንዚኑን ወስጃለሁ ብለህ ፈርም። ስድስት ወር ነው፤ አሳጥርልሃለሁ። የመሪውን ነገር እተወዋለሁ። እምቢ ካልክ ሊገድለኝ ነበር እላለሁ። ያ ስድስት ወር አይደለም።”

“አሁን እኮ በዓይንዎ አዩት!”

“አይቻለሁ” አለ። “ለዚህ እኮ ነው።”

ሞተር ይጥፋ የሚለው መመሪያ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ። እውነቱ ከወጣ የኦቦ ተሬፋን እግር የሰበረው የሱ ወረቀት ነው። ይህን እያወቀ ነው አሁን የሚፈርድብኝ።

ዳር እንደደረስን ዘሎ ወረደና “ሊገድለኝ ነበር! ሁላችሁም አይታችኋል!” ብሎ ጮኸ። ዘበኞቹ እጄን ያዙኝ። አንዱ፣ የአምቦ ልጅ ነው፣ አባቴን ያውቃል፣ በቀስታ “እውነት ነው እንዴ?” አለኝ። አይደለም እንድለው እንደፈለገ አውቄአለሁ።

“ቤንዚን አልሰረቅኩም” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። “ጠብታ አልነካሁም። ሌላውን አዎ፣ እውነቱን ነው።”

ሹም ለመግደል ሞክሯል ተብዬ ሦስት ዓመት ተፈረደብኝ። ለአንዲት ትንፋሽ ሦስት ዓመት ብዙ ነው፤ ግን ፍርዱ ላይ ሌባ የሚል ቃል አልነበረም፣ ለእኔ ያ በቂ ነበር። ጉደታ በመጀመሪያው የጥየቃ ቀን ዳቦ ይዞ መጣ፤ ሜዳሊያውን አልሰካም። ዳቦውን በላሁት፣ ይቅር ግን አላልኩትም። ጀልባዋም ነዳጅ አጥታ እዚያው ዳር ላይ ተገልብጣ ቀረች፤ ፍየል ይተኛባታል አሉኝ።

አባቴ የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ተያየን። ጤናውን ሳልጠይቅ በፊት የጠየቅኩት ሱቁን ነው።

“አሁንም ደግመው ይመዝናሉ?”

“አይመዝኑም” አለ። “ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው አልመዘነም፣ ልጄ።”

“አልሐምዱሊላህ!” አልኩ፤ አጥሩን ይዤ እንደ ሕፃን ሳቅኩ። ለካ አላጠፋሁም፣ ለካ ዋጋ ነበረው። እሱ ግን አብሮኝ አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ ቀጠለ።

“ዓይኔንም አያዩኝም። ‘ልጁ ሹም ገደል ላይ የነዳ ነው’ ይባባላሉ። ባለፈው ቅዳሜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንዲት የጎጆ ሴት ሆን ብዬ አጉድዬ መዘንኩላት። የዱሮው እምነት መሆኑን ልወቅ ብዬ። ሚዛኑ ሲጎድል አየች። አየችና ዝም ብላ ተቀብላኝ ሄደች። ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩባትና የጎደለውን ጨመርኩላት። ስትቀበለኝ ‘ይበቃኛል፣ ጌታዬ’ እያለች ወደ ኋላ ታፈገፍግ ነበር።”